ሥጋ ያልነካው ትሪ

የድሮ ነገር ሁሉ ጥሩ ነበር የሚል ሰው ሲገጥመኝ የማስታወስ ችሎታውን እጠራጠራለሁ። የድሮ አውቶቡስ ከመካነ ሰላም ደሴ እስኪያደርሰን ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ እያስወረደ ያስገፋን ነበር። የድሮ ሳሙና ልብሱን ትቶ እጅ ይልጥ ነበር። የድሮ መምህር፣ እኔን ጨምሮ፣ ይገርፍ ነበር። ስለዚህ ስለ ድሮው ፒሳ ቤታችን ላወራችሁ ስነሣ፣ ፒሳው ከዛሬው ይልቅ ይጣፍጥ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። አይጣፍጥም ነበር።

«መካነ ሰላም ላይ፣ ያውም በደርግ ጊዜ፣ የምን ፒሳ?» ትሉኝ ይሆናል። ሳቁ፤ እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ እስቅ ነበር። ግን ነበረ። ጋሼ ተሰማ የሚባሉ የአገራችን ሰው አስመራ ውስጥ አንድ ጣሊያን ምግብ ቤት ብዙ ዓመት ሠርተው፣ ቤቱ ሲወረስ ጣሊያኑ ወደ አገሩ፣ እሳቸውም ወደ አገራቸው ገቡ። ይዘውት የመጡት አንድ ሣጥን ልብስ፣ አምስት ክብ የብረት ትሪዎችና ለአስተናጋጅነት ጨርሶ የማይሆን ጠባይ ነበር። ከገበያው ከፍ ብሎ ባለች ቤታቸው ጓሮ በድንጋይና በጭቃ ፉርኖ የሚሉትን ምድጃ ሠሩ። ዱቄቱ የእኛው ወረዳ የቦረና ስንዴ ነው። ቲማቲም የሚኖረው የደሴ መኪና ይዞ ከመጣ ነው፤ ካልመጣ የሽንኩርትና የበርበሬ ስልስ ይቀቡታል። አይቡም የእኛው አይብ ነው፤ የቱንም ያህል እንጨት ቢማገድበት አይቀልጥም፣ እንደተበተነ ወጥቶ እንደተበተነ ይበላል። ያ ጣሊያን ቢያየው ኖሮ የሚያለቅስ ይመስለኛል።

ጋሼ ተሰማ እንግዳ ሲገባ «ኖር» አይሉም፣ ሲበላ «ብሉ እንጂ» አይሉም፣ ሲወጣም አይሸኙም። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው ይሄዳሉ። እንዲያም ሆኖ ቤቱ ሞልቶ ይውል ነበር። ምክንያቱም ጋሼ ተሰማ አንድ ሕግ ነበራቸው፦ በዚያ ቤት ሥጋ አይገባም።

ለእናንተ ይህን ማስረዳት ባያስፈልገኝ ደስ ይለኝ ነበር። እኛ አገር ክርስቲያኑና እስላሙ አብሮ ያርሳል፣ አብሮ ይቀብራል፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ይድራል፤ ሥጋ ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ወደየራሱ ቢላዋ ይሄዳል። ክርስቲያኑ ያረደውን እስላሙ አይነካም፣ እስላሙ ያረደውን ክርስቲያኑ አይቀምስም፤ ሥጋው ያረፈበትም ዕቃ እንደዚያው ነው። ማንም በዚህ አይቀየምም፣ ሰርግ ላይ ድንኳኑ ሁለት ይሆናል፣ አለቀ። የጋሼ ተሰማ ትሪዎች ግን ከአስመራ ከመጡ ወዲያ ሥጋ ነክቷቸው አያውቅም። በመሆኑም የሁሉም ሰው እጅ በአንድ ትሪ ላይ የሚገናኝባት ቤት እሷ ነበረች። ረቡዕና ዓርብ አይብ አይደረግም፤ እስላሞቹም ያለ አይብ ይበላሉ። ረመዳን ሲገባ ቤቱ ቀን ተዘግቶ ይውልና የሚከፈተው ሲመሽ ነው፤ ክርስቲያኖቹም የመግሪብን አዛን በረሃብ እያዛጉ ይጠብቃሉ። ይህን ያወጀ የለም፤ ጋሼ ተሰማም «ሁለት ጊዜ ማንደድ አልወድም» ከማለት በቀር የሰጡት ማብራሪያ አልነበረም።

ከዚያች ቤት ደንበኞች ሁለቱን ላስተዋውቃችሁ። አንደኛው መሪጌታ ላቀው ናቸው፤ ሰባ ያለፋቸው የድጓ መምህር። ሁለተኛው ሐጂ ይማም፣ ገበያው ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ቀልድ የሚያውቁ ሽማግሌ። ረቡዕ ረቡዕ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ሁለቱ ከአንድ ትሪ ይበላሉ፣ ስለ ዝናብ ይጨቃጨቃሉ፣ አብረው ይወጣሉ። መሪጌታ አንድ ችግር ነበረባቸው፦ ሲጠየቁ መዋሸት አይሆንላቸውም። አንድ ጊዜ በቀበሌ ውይይት ክበብ «ከትምህርቱ ምን ተረዱ?» ተብለው ቢጠየቁ «ተኝቼ ነበር» ብለው መለሱ። ያን ዕለት ሁላችንም አቀረቀርን። ሽበታቸው አዳናቸው።

እንግዲህ ወደዚያች ረቡዕ ልውሰዳችሁ። ጊዜው ሰው ከመናገሩ በፊት ግራና ቀኙን የሚያይበት ጊዜ ነው። ከወር በፊት አንድ ነጋዴ «ኑሮ ከበደ» በማለቱ ወደ ደሴ ተወስዶ እስካሁን አልተመለሰም ነበር። የከተማችን ካድሬ ጓድ አስራት ይባላል፤ ከከላላ ወዲያ የመጣ የቄስ ልጅ ነው። ዳዊት የደገመ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለምኖ የተማረ ልጅ ነበር፤ የስድስት ወር ሥልጠና ገብቶ ሲወጣ ቆዳ ጫማና ብዙ አዲስ ቃላት ይዞ ተመለሰ። እሑድ ዕለት በቀበሌው አዳራሽ ሰበሰበንና እንዲህ አለ፦

«ሃይማኖት ሰፊውን ሕዝብ በገበታ ሳይቀር ከፋፍሎታል። ረቡዕ ከደሴ ጓዶች ይመጣሉ። በዚያን ዕለት ክርስቲያኑና እስላሙ በጓድ ተሰማ ቤት ከአንድ ትሪ ሥጋ ይበላሉ። የማይበላ ሰው ካለ አቋሙ ታወቀ ማለት ነው።»

ነገሩ ይገባችኋል? ለዓመታት ከአንድ ትሪ ሲበሉ የኖሩትን ሰዎች ከአንድ ትሪ ብሉ ብሎ ሊያስገድዳቸው መጣ። አጨበጨብን። እጄ እስኪቃጠል ነው ያጨበጨብኩት፤ አስተማሪ ነኝ፣ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉኝ።

ማክሰኞ አንዲት ፍየል ተጎትታ ጋሼ ተሰማ ደጅ መጣች። የሚያርዳት አብዮት ጠባቂ ቢላዋውን ይዞ ግራ ገባው። በክርስቲያን ወግ ቢባርካት እስላሙ አይበላትም፣ ቢስሚላህ ቢል ክርስቲያኑ አይበላትም። «ጓድ፣ በማን ስም ልረዳት?» አለ። ጓድ አስራት ለአፍታም አላሰበ። «በሰፊው ሕዝብ ስም!» አለው። እንዲያ ሆና ታረደች። ፍየሊቱ ለሁለቱም ወገን በእኩል የማትበላ ሆና አረፈች።

ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎራ ብዬ አየሁ። ሥጋው በጨርቅ ተሸፍኖ ከጓሮው ዛፍ ተሰቅሏል። ጋሼ ተሰማ ቁጢጥ ብለው አምስቱን ትሪዎች በአመድ እየፈተጉ ነው። «ምን ሊያደርጉ ነው?» አልኳቸው። «ፒሳ» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። እነዚያ ትሪዎች ሥጋ ሊነካቸው ነው። እኚህ ሰው ከተረቱ ማን ይቀራል ብዬ አዝኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እውነቱን ልናገር፦ እኔ እንደምበላ ያኔውኑ ወስኜ ነበር። ኃጢአቱን ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የንስሐ አባቴም ለዚያው ግብዣ መጠራታቸው ትዝ ያለኝ ከተኛሁ በኋላ ነው።

ረቡዕ እንግዶቹ በስድስት ሰዓት ይመጣሉ ተብለን ተጠራን። መንገዱ ጭቃ ስለነበር እስከ ዐሥር ሰዓት አልደረሱም፤ አራት ሰዓት ሙሉ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ጠበቅን። መሪጌታ ሲገቡ የለበሱት ጋቢ እያለ ሌላ ጋቢ አጥፈው በብብታቸው ይዘዋል። ለምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። እስር ቤት ሌሊቱ እንደሚበርድ ሁላችንም እናውቃለን። ሚስታቸው ያጠፈችው መሆኑ ከአጣጠፉ ያስታውቃል። ትንሽ ቆይቶ ሐጂ ይማም ገቡ፤ እሳቸው ደግሞ መስገጃቸውን ጠቅልለው ይዘዋል። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ የሌላውን ጥቅልል አየ።

«እንደምን ዋሉ መሪጌታ? አብሽሩ እንጂ» አሉ ሐጂ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሐጂ። ብርዱ ሊጠና ነው መሰል» አሉ መሪጌታ።

«አላህ ያውቃል» ብለው አጠገባቸው ተቀመጡ።

በዚህ ጊዜ እንባዬ መጣ፣ በሳል አስመሰልኩት። ሁለቱም ላለመብላት ቆርጠው፣ ስንቃቸውን ቋጥረው ነው የመጡት። እኔ ግን ባዶ እጄን ነበርኩ፤ የሚበላ ሰው ምን ጋቢ ያስፈልገዋል?

እንግዶቹ ደረሱ፤ ሁለት ናቸው፣ ደክመዋል፣ ርቧቸዋል። ጓድ አስራት ዋናውን ትሪ እንድንከብ መደበን፦ ሁለቱ እንግዶች፣ መሪጌታ፣ ሐጂ፣ «ምሁሩን በመወከል» እኔ፣ እና ራሱ። በሩ ላይ ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ቆመዋል። ጋሼ ተሰማ ትሪውን ተሸክመው ገቡ። አይብ የለበትም። ቀይ ስልሱ ላይ ቡናማ ቁርጥራጮች ጢም ብለው ሰፍረዋል፣ ዙሪያቸው ተጠብሶ፣ ዘይቱ እያብለጨለጨ። የበርበሬው ሽታ ምራቄን አመጣው፤ ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። በጾም ቀን ሥጋ ፊት ቀርቦ ምራቅ መዋጥ ምን ያህል እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል።

የነካው ሰው የለም። እንግዶቹ ባለቤቶቹን ይጠብቃሉ፣ እኔ መሪጌታን እጠብቃለሁ፣ ጓድ አስራት ሁላችንንም ይቆጥራል። መሪጌታ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተዋል። ሐጂ የቀኝ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ትሪውን ሳይሆን መሪጌታን ያያሉ።

ያን ጊዜ ጋሼ ተሰማ በሕይወታቸው አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ። አንድ ቁራሽ ቆርጠው፣ ጠቅልለው፣ ወደ መሪጌታ አፍ አቀረቡ። እኚያ ለሰው «ብላ» ብለው የማያውቁት ሰውዬ ያጎርሱ ጀመር!

«መሪጌታ፣ ከእጄ» አሉ።

መሪጌታ ቀና ብለው አዩአቸው። «ተሰማ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ» አሉ ጋሼ ተሰማ። ጉርሻውን አላወረዱም።

ጓድ አስራት ከመቀመጫው ተነሥቶ አንድ እርምጃ ቀረበ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ የመሪጌታ ጉንጭ ሞልቷል። ይህ ሰው በስንት ዓመት አንድም ረቡዕ የማይሆን ነገር ፊቴ አላስቀመጠም ብለው አምነው አፋቸውን እንደከፈቱ በኋላ ነው የገባኝ። አላመጡ። አቆሙ። እንደገና አላመጡ፣ አሁን ቀስ ብለው። ከዚያ እጃቸውን ከጋቢው አወጡና፣ ማንም ሳያጎርሳቸው፣ ከትሪው ሁለተኛ ቁራሽ አነሡ።

ሐጂ ይማም ይህን አዩ። መዳፋቸው ከጉልበታቸው ተነሣ። «ቢስሚላህ!» አሉ፣ በዚያ ቤት ያለው ሁሉ እስኪሰማ። ቆረሱና ጎረሱ። በሌሎቹ አራት ትሪዎች ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ እጁን ሰደደ።

እኔም ጎረስኩ። የቄስ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ ምላሴ ከእኔ ቀድሞ አወቀው። የሽምብራ ዓሣ! በዐቢይ ጾም እናቶቻችን የሽምብራ ዱቄት በቅመምና በዘይት አሽተው፣ በዓሣ ቅርጽ ጠብሰው ወጥ ውስጥ የሚጨምሩት፣ ዓሣ ነው እያልን በልጅነታችን የተጣላንበት። ጋሼ ተሰማ ዓሣውን ሥጋ አስመስለው ቆርጠውታል፣ ሌላ ምንም አላደረጉም። ልስቅ ነው ልጮህ ነው? አንገቴን ደፍቼ ማኘክ ብቻ።

ደስታዬ ግን አንዲት ጉርሻ እንኳ አልቆየም። ከእንግዶቹ አንደኛው፣ ወፍራሙ፣ አፉን እየጠራረገ ወደ መሪጌታ ዞረ። «አባት፣ ለስላሳ ነው እኮ! የምን ሥጋ ነው?» አላቸው።

ከተማው ሁሉ እያለ የጠየቀው እኚያን መዋሸት የማይሆንላቸውን ሰው ነው። መሪጌታ ዋጡ። ጢማቸውን ጠረጉ። «ልጄ…» ብለው ጀመሩ። ጋሼ ተሰማ እጃቸው ላይ ያለውን ፎጣ እንደ ገመድ ገመዱት፤ ሊወሰዱ ነው፣ ፉርኖው ሊፈርስ ነው፣ ምናልባትም ከዚያ የባሰ።

ጓድ አስራት በዚያች ቅጽበት የመጀመሪያ ጉርሻውን ጎርሶ ነበር። ማላመጡን አቆመ። የቄስ ልጅ ነው ብያችኋለሁ። ዓይኑ ከትሪው ወደ ጋሼ ተሰማ፣ ከጋሼ ተሰማ ወደ ሁለቱ ጠመንጃዎች ሄደ።

«የፍየል ነው» አለ፣ ከመሪጌታ ቀድሞ። ዋጠ። ከዚያ ወደ ጋሼ ተሰማ ዞር ብሎ፣ «ጨው አነሰው» አላቸው።

«ይጨመራል» አሉ ጋሼ ተሰማ።

እንግዶቹ ትሪውን አሟጠጡት። ሪፖርቱ ምን ብሎ እንደተጻፈ መገመት አያቅታችሁም። መሪጌታ ያልተፈታ ጋቢያቸውን፣ ሐጂ ያልተዘረጋ መስገጃቸውን ይዘው አብረው ወጡ፣ ደጅ ሲደርሱም ስለ ዝናቡ መጨቃጨቅ ጀመሩ። ጓድ አስራት ለምን እንዳላጋለጠን እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት በእንግዶቹ ፊት ድግሱ እንዳይበላሽበት ነው። ምናልባት የእናቱ የጾም ወጥ ትዝ ብሎት ነው። በዓመቱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፣ ስለዚያች ቀን አንድም ነገር ሳይናገር። ፍየሊቱን ጋሼ ተሰማ ገደል ጥለዋት አሞራ በላት።

ጋሼ ተሰማ ሞቱ፣ ፉርኖው ፈረሰ፣ ደርግም ሄደ። ባለፈው ጥር መካነ ሰላም ሄጄ የሐጂ ይማምን ልጅ ይመርን አገኘሁት። አብረን ያስተማርን፣ አብረን ጡረታ የወጣን ጓደኛዬ ነው። ፒሳ እንብላ ተባባልን። አሁን ፒዛ ነው የሚባለው። ዋናው መንገድ ላይ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ፒዛ ቤቶች አሉ፤ መስታወታቸው የሚያብረቀርቅ፣ አይባቸው የሚቀልጥ። ጣፋጭ ናቸው አሉ። አንደኛው በር ላይ መስቀል፣ ሌላኛው ላይ ጨረቃ ተሥሏል፤ ሁለቱም ላይ የተፈጨ ሥጋ ነው የሚነሰነሰው። ሥጋ የሌለበት ይሠሩልን እንደሆነ አንደኛው ቤት ገብተን ጠየቅን። አስተናጋጇ ትሑት ልጅ ናት፤ «ይሠራል አባቶቼ፣ ትሪው ግን ያው ነው» አለችን። ስለዚህ በሁለቱ መሐል ካለች ሻይ ቤት ተቀመጥን። ማንም አላስገደደንም፣ ጠመንጃም አልነበረም፤ ሥጋው ብቻ ነው የተጨመረው።

ሻያችንን ይዘን ያችን ረቡዕ አነሣን። አባቱ የመሪጌታን ሁለተኛ ቁራሽ አይተው እንዴት በብልሃት እንዳወቁ አደነቅሁ። አንደኛው ጉርሻ የፍርሃት ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛው ግን አይሆንም ብለው ማሰባቸውን። አርባ ዓመት ለሰው ሁሉ እንዲህ እያልኩ ነው ያወራሁት።

ይመር ሳቀ። «አባቴ እኮ ያውቁ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሽምብራ መሆኑን። ዱቄቱ ከኛ ቤት ነው የሄደው። ጋሼ ተሰማ ማክሰኞ ማታ መጥተው እናቴ ነፍታ ሰጠቻቸው። ለመሪጌታ እንዳትነግሩ፣ ከተጠየቁ ይናገራሉ ብለው አስማሏቸው።»

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ያ ጉልበት ላይ የተቀመጠ መዳፍ ዓይኔ ላይ መጣ። ገና ትሪው ሲቀርብ ቆርሰው መብላት ይችሉ ነበር፤ ምንም የሚያሰጋቸው አልነበረም።

«ታዲያ ምን ይጠብቁ ነበር? መስገጃውንስ ለምን ይዘው መጡ?» አልኩት።

«እናቴም ጧት ከግድግዳው ላይ ሲያወርዱት ይኸንኑ ጠየቀቻቸው» አለ ይመር። «‹መሪጌታ ባይበሉስ? ብቻቸውን ይሂዱ?› አሏት።»